አራተኛውም አሰልጣኝ ሄደ

ባለፈው ሐሙስ ማታ ልጄ ደወለልኝ። ከሥራ ገብቼ ካፖርቴን እንኳ አላወለቅኩም ነበር። «እማዬ፣ ኮችም ሄደ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። እኔም የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩትም። በሦስት ዓመት ውስጥ ይሄን ነገር ስሰማ አራተኛዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለማን አቤት እንደምል ስላላወቅኩ እዚሁ ልጻፈው። አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ በተለይ ልጃችሁ በኮሌጅ ፉትቦል ስኮላርሺፕ ሊያገኝ ነው ተብሎ ደስ ያላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ፉትቦል ስል የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። ሄልሜት አድርገው ሞላላዋን ኳስ በእጅ የሚቀባበሉበትን የአሜሪካኖቹን ነው። ልጄ ኮርነርባክ ነው። የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ አንድ ለአንድ ይዞ የሚከላከል ማለት ነው። በቴሌቪዥን የምናየው ዋናውን አሰልጣኝ ነው። ልጁን በየቀኑ የሚይዘው ግን እሱ አይደለም። አንድ ቡድን ውስጥ መቶ ገደማ ልጅ አለ። ለየቦታው የራሱ ረዳት አሰልጣኝ አለው፤ ፖዚሽን ኮች ይሉታል። ልጃችሁ በጠዋት ተነስቶ የሚያየው እሱን ነው። ሲያጠፋ የሚቆጣው እሱ ነው። ሲከፋው የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። ሲመለምሉትም ቤታችሁ መጥቶ የሚቀመጠው በአብዛኛው እሱ ነው።

የመጀመሪያው እኛ ቤት የመጣው በ2022 ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ነበር። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ማንም አልነገረውም፤ የእኛ ጫማ ተደርድሮ አይቶ ነው። ሽሮና ጎመን አቀረብኩለት፣ በእጁ በላ። ቡና አፈላሁ። አቦሉን ጠጥቶ የሚነሳ መስሎኝ ነበር። ቶናውን ጠጣ። በረካውንም ጠብቆ ጠጣ። እኔ እንግዲህ ሰው በረካ ጠጥቶ ከቤቴ ሲወጣ ዘመድ ሆነ ብዬ ነው የማስበው። ባለቤቴ ቀጥ ብሎ ጠየቀው። «ልጃችንን የምንሰጠው ለአንተ ነው። አብረኸው ትቆያለህ?» አለው። «የትም አልሄድም» አለ፣ ዓይን ዓይናችንን እያየ።

ዲሴምበር ላይ ልጄ ፈረመ። ጃንዋሪ ላይ ሰውየው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። አንድ ወር አልሞላም። ልጄ ወሬውን ያየው ትዊተር ላይ ነው። ከሰውየው አጭር መልእክት የመጣለት ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ውሉ ይፈርሳል ብዬ አስቤ ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ አነበበልኝ። ልጆቹ በዚያን ጊዜ የሚፈርሙት ወረቀት በግልጽ ይናገራል። የምትፈርመው ከትምህርት ቤቱ ጋር ነው፣ አሰልጣኙ ቢለቅም ውሉ ይጸናል ይላል። ያ ወረቀት በ2024 ቀርቶ በሌላ ተተክቷል። አሠራሩ ግን ያው ነው። ልጃችሁን እንድትሰጧቸው ቤታችሁ የሚልኩት ሰው ነው። ከፈረማችሁ በኋላ ግን ሰውየው ምን አገባው ይሏችኋል። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

የአንድ ሰው ክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ረስቼው ነበር። ግን የጊዜው አቀማመጥ ራሱ እንዲህ ነው የተሠራው። ድሮ ልጆቹ የሚፈርሙት ፌብሩዋሪ ላይ ነበር። ከ2017 ጀምሮ ዲሴምበር ላይም እንዲፈርሙ ተፈቀደ፣ አሁን አብዛኛው ልጅ ያኔ ነው የሚፈርመው። አሰልጣኞቹ የሚባረሩትና የሚቀጠሩት ደግሞ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ነው። አንዱ ዋና አሰልጣኝ ሲነሳ የሚፈልጋቸውን ረዳቶች ይዞ ይሄዳል። የሄደበት ቦታ የነበሩት ይሰናበታሉ። የተሰናበቱት ሌላ ጋ ይቀጠራሉ፣ እዚያ ያለው ደግሞ ይነሳል። ልጆቹ መሃል ላይ ናቸው።

በ2025 ኖቬምበር 30 ዋና አሰልጣኙ ሌን ኪፊን ኦል ሚስን (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን) ትቶ ወደ ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ሄደ። ቡድኑ 11 ጨዋታ አሸንፎ አንድ ብቻ ነበር የተሸነፈው፣ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ለአገሪቱ ዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ ሊገባ ደጃፍ ላይ ነበር። የልጆቹ መፈረሚያ ቀን ዲሴምበር 3 ነበር። ሦስት ቀን ብቻ! ከረዳቶቹም ተከትለውት የሄዱ አሉ። በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ማንን ጠይቆ፣ ማንን አምኖ ይፈርም?

ድልም ቢሆን አያስቀራቸውም። ጃንዋሪ 20፣ 2025 ኦሃዮ ስቴት ኖትርዳምን 34 ለ 23 አሸንፎ የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ። የተከላካይ ክፍሉ አስተባባሪ ጂም ኖልስ በሳምንቱ አካባቢ ወደ ፔን ስቴት ሄደ፣ በዓመት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፈለው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ደግሞ ኖልስን የቀጠረው ዋና አሰልጣኝ ጄምስ ፍራንክሊን ተባረረ። እሱን አምነው የቆዩትን የፔን ስቴት ልጆች አስቧቸው።

በእርግጥ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ያን አልክድም። ሚሊዮን የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኛው ፖዚሽን ኮች ውሉ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በ2023 ዋና አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ነበር ግዴታው። ረዳቱ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ዋናው ሲባረር እሱም ዕቃውን በካርቶን ይሰበስባል። የልጄ ሁለተኛ አሰልጣኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረው። ልጁ ስድስተኛ ትምህርት ቤቱ ነበር። ሚስቱን ጨዋታ ላይ አግኝቻት ግድግዳ ላይ ፎቶ መስቀል ትቻለሁ አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ስለ እሱ ትንሽ ልናገር፣ ጥሩ ሰው ነበር። ልጄ ይጾማል። ማንም አላስገደደውም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ነው። የቡድኑ የጸደይ ልምምድ ደግሞ ማርችና ኤፕሪል ላይ ነው። ሁዳዴ መሃል ማለት ነው። ይሄ አሰልጣኝ በ2024 ጸደይ ልጄ ሥጋና እንቁላል ሲተው አየና ጠራው። ቁጭ አድርጎ ለምን እንደሚጾም፣ ስንት ቀን እንደሚጾም፣ ምን መብላት እንደሚችል ጠየቀው። ከዚያ ወጥ ቤት ድረስ አብሮት ሄዶ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ በየቀኑ እንዲዘጋጅለት አደረገ። ለፋሲካ ለእኔ ደወለልኝ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት ቃሉን ከልጄ ተምሮ። አለቀስኩ።

በ2025 መጀመሪያ እሱም የተሻለ ሥራ አገኘና ሄደ። አልፈረድኩበትም። ግን ስለ ልጄ የሚያውቀውን ሁሉ ይዞት ሄደ። የሚቀጥለው ሰው ልጄን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ የሮጠበትን ሰከንድ። ሁዳዴ ገባ። ልጄ ስድስት ፓውንድ ቀነሰ። አዲሱ አሰልጣኝ ምክንያቱን ሳይጠይቅ በሰው ፊት «አንተ ይሄን ነገር የምር አልያዝከውም» አለው። በዚያ ጸደይ ከሁለተኛ ተሰላፊነት ወደ አራተኛ ወረደ። ልጄ ለእኔ የነገረኝ ሰኔ ላይ ነው።

ጨዋታውም ቢሆን በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የሚማረው። አንዱ ከተቀባዩ ርቀህ ቁም፣ ወደኋላ እየሮጥክ ጠብቀው፣ ዳሌህን ቶሎ አታዙር ይላል። ሌላው የለም፣ አፍንጫው ሥር ቁም፣ ገና ሲነሳ በእጅህ ደረቱን ያዘው ይላል። ለአንዱ አከላከል እንኳ እያንዳንዱ የየራሱ ስም አለው። የዛሬ ወር ለእረፍት ቤት መጥቶ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ውሃ ልጠጣ ብነሳ ኩሽና ውስጥ መብራት በርቷል። ካልሲ ብቻ አድርጎ ከፍሪጁ እስከ ጠረጴዛው ወደኋላ ይራመዳል። ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል። እግሩን ያያል። ተመልሶ ከፍሪጁ ይጀምራል። ጠረጴዛው ላይ ደብተሩ ተከፍቷል፣ በሦስት የተለያየ ቀለም የተጻፈ። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ሰውነቴ የአሮጌውን ይሠራል፣ አዲሱን ሳስብ እዘገያለሁ» አለኝ። አዲሱ የተባለው አራተኛው ነው። ኖቬምበር ላይ ዋናው አሰልጣኝ ከነሠራተኞቹ ተባረረና ከአዲሱ ዋና አሰልጣኝ ጋር የመጣ ነው።

«ታዲያ ፖርታል አለ አይደል እንዴ፣ ይቀይራ» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አዎ፣ አለ። ተጫዋች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ስሙን የሚያስገባበት መዝገብ ነው፣ ከ2018 ጀምሮ አለ። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ትምህርቱ ደህና እስከሆነ ድረስ ተጫዋች ሳይቀጣ የፈለገውን ያህል ጊዜ መቀየር ይችላል። እኔ በዚህ ደስተኛ ነኝ፣ ድሮ ልጆቹ ያለ ጨዋታ አንድ ዓመት ይቀመጡ ነበር። ግን በር አለው። ለ2026 የጸደዩን ጊዜ ሰርዘው ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ብቻ አደረጉት። ዋና አሰልጣኝ ሲለቅ ለተጫዋቾቹ ለብቻው የሚከፈት ጊዜ አለ። ፖዚሽን ኮች ሲለቅ ግን የሚከፈት ነገር የለም።

ልጄ በጃንዋሪው ጊዜ ሊወጣ አስቦ ነበር። ሁለት ትምህርት ቤቶች አናግረውት ነበር። አራተኛው አሰልጣኝ ቢሮው ጠርቶ «አንተን ይዤ ነው ይሄን ክፍል የምሠራው፣ ቆይልኝ» አለው። ልጄም ቃል ሰው ነው፣ ቆየ። በሩ 16 ላይ ተዘጋ። አሰልጣኙ 22 ላይ ሄደ።

ስድስት ቀን። እኔ ሰውየው ያንን ሲናገር ሌላ ቦታ እየተደራደረ ነበር ወይ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን እጠይቃለሁ። ልጄ ደግሞ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፣ ሦስተኛ ዓመቱ። ኳሱ ቢቀር ትምህርቱ አለ። ቢቀይር ደግሞ የወሰደው ኮርስ ሁሉ አይሻገርለትም። እነዚህ ሰዎች ልጁ ተማሪም እንደሆነ የሚያስታውሱት መቼ ነው?

ደግሞ አይቻልም አትበሉኝ። እዚሁ ሜሪላንድ ሃይስኩል ያሰለጥን የነበረው ላሪ ጆንሰን ፔን ስቴት ከ1996 እስከ 2013 ቆየ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ኦሃዮ ስቴት ከአሥር ዓመት በላይ ሠራ፣ ፖዚሽን ኮች ሆኖ። ቨርጂኒያ ቴክ ውስጥ ቡድ ፎስተር ከ1987 እስከ 2019 ረዳት ሆኖ ኖረ። ሠላሳ ሁለት ዓመት! ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ፣ ብላክስበርግ ውስጥ፣ አባቱንም ልጁንም ያውቃል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤቴ መጥቶ «የትም አልሄድም» ቢለኝ ኖሮ ሌላ ነበር።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፖዚሽን ኮች ሲለቅ በእሱ ሥር ያሉት ልጆች ዋናው ሲለቅ እንደሚሰጠው ሁሉ አሥራ አምስት ቀን ይሰጣቸው። ዲሴምበር ላይ የፈረመ ልጅ፣ የመለመለው ሰው ግቢ ሳይገባ ከሄደበት፣ ያለ ምንም ጥያቄ ይለቀቅ። ልጁም ወሬውን ከስልኩ ሳይሆን ከሰውየው አፍ ይስማ። ይሄ ገንዘብ አያስወጣም። አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

እናንተም ቤታችሁ ሲመጡ ጠይቁ። ውልህ መቼ ያልቃል በሉት። ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ቦታ ሠርተሃል በሉት። ነውር አይደለም። እኔ እንግዳ ነው ብዬ አፍሬ አልጠየቅኩም።

ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ሳምንት አልቀረውም። ትናንት ማታ ወረቀት አውጥቼ ስለ ጾሙ መጻፍ ጀመርኩ። ስንት ቀን እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላ፣ ክብደቱ ቢቀንስ ስንፍና እንዳልሆነ። ልጄ በሰው ፊት እንዳይዋረድ ዘንድሮ ቀድሜ ልናገር ብዬ ነው። ሁለት ገጽ ሞላ። ከላይ «ውድ ኮች» ብዬ የስሙን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። አምስተኛውን ገና አልቀጠሩም።