«ጥናት አይበላም» ላሉት ኃላፊ

ሰሞኑን ስለ ምግብ ዋስትና በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅት የመጣች አንዲት ሴት ተነሳችና ጠየቀች። መንግሥት ከግብርና በጀቱ ላይ ትንሽ ቆንጥሮ ለነጻ ጥናት ቢሰጠን፣ እኛም የውጭ ለጋሽ ደጅ ከመጥናት እንድናለን አለች። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ ፈገግ አሉ። ጥናት አይበላም፣ ገንዘብ ካለ ማዳበሪያ ይገዛበት አሉ። መረጃው ደግሞ ከቀበሌ ጀምሮ በሪፖርት እየደረሰን ነው አሉ። በዚያ ላይ የእናንተ ጥናት የፈረንጅ ገንዘብ አለበት ብለው አሳረጉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ምሳዬ አልዋጥ አለኝ።

የፈረንጁን ገንዘብ ነገር ላስቀድም። ሴትዮዋ እኮ የለመነችው ከዚያው ገንዘብ እንዲያላቅቋት ነው! ደግሞስ ለችግረኛ የገጠር ቤተሰቦች እህልና ገንዘብ የሚሰጠው ሴፍቲኔት በማን ገንዘብ ቆመ? በ1997 ከተጀመረ ወዲህ አብዛኛውን ሸክም የተሸከሙት የዓለም ባንክና ለጋሽ አገሮች ናቸው። ስንዴው ሲመጣ ማንም አፍንጫውን አልያዘም። ገንዘቡ የሚሸተው «ስንዴው የት ደረሰ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሲከፈል ብቻ ነው። በበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ 621/2001 ዘመን ከ10 በመቶ በላይ ገቢው ከውጭ የሆነ ድርጅት በመብትና በመሰል ጉዳዮች ላይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር። አዋጅ 1113/2011 ያንን አነሳ። በሩ ተከፈተ፣ ኪሱ ግን ባዶ ነው። ከአገር ውስጥ አይሰጡህም፣ ከውጭ ስታመጣ ይሰድቡሃል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። መረጃ ከቀበሌ ይመጣል ተባለ። ማን ነው የሚልከው? የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ነው። ይህ ሰው የሚገመገመው በምንድን ነው? ስንት ኩንታል ማዳበሪያ አሰራጨህ፣ ስንት ሄክታር በኩታ ገጠም አሳረስክ ተብሎ ነው። እሱ ነው እንግዲህ «በቀበሌዬ ሰው ጦሙን እያደረ ነው» ብሎ የሚጽፈው? ቢጽፍስ ወረዳው እንዳለ ያሳልፈዋል? ወረዳውም ይገመገማል። ዞኑም ይገመገማል። አንዱ ቃል ይቀንሳል፣ ሌላው ቁጥር ይጨምራል። ከቀበሌ ረሃብ ሆኖ የተነሳው ነገር አዲስ አበባ ሲደርስ «የምግብ እጥረት ስጋት» ይሆናል። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን የልጆቼን እንጀራ አስቤ ያንኑ እጽፋለሁ። ፈተናውን ተፈታኙ ራሱ እያረመ ማን ይወድቃል?

የሴፍቲኔትን «ምረቃ» አስታውሱ። ቤተሰቦች ጥሪት ይይዛሉ፣ በጥቂት ዓመታት ተመርቀው ይወጣሉ ተብሎ ነበር። ሲጀመር ተጠቃሚው 5 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። በኋላ ወደ 8 ሚሊዮን ደረሰ። በመሃል ግን ስንት የምረቃ ሪፖርት ቀረበ! ወረዳው የምረቃ ቁጥር ማሟላት አለበት፣ ስለዚህ ያስመርቃል። የተመረቀው ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት በሬውን ሲሸጥ ቤቱ ሄዶ የሚቆጥር ግን የለም። በጀት የለማ።

ይህ በሽታ አሮጌ ነው። የወሎ ረሃብ ወሬ ለመንግሥት ሰዎች ቀድሞ ደርሷቸው ነበር፣ አፍነው ያዙት እንጂ። በ1965 ወሎ ድረስ ወርደው ፎቶግራፍ ያመጡት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ያንን ፎቶ ግቢ ውስጥ አይቶ የተቆጣው ተማሪ ነው። በጀት የሰጣቸው የለም። በ1977 መስከረምም ሰው በኮረምና በመቀሌ እያለቀ፣ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ታከብር ነበር። የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን እኮ ከወራት በፊት ጮኾ ነበር። ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የገዛ አለቃውን እስከ የት ድረስ ይጮኽበታል? ያኔ አንድ በሁለት እግሩ የቆመ የአጥኚዎች ማህበር ቢኖረን ብዙ ሰው ይተርፍ ነበር፣ ይህን የምለው ሳልጠራጠር ነው።

ከዚያ ረሃብ ማግስት አሜሪካኖቹ የራሳቸውን የረሃብ ማስጠንቀቂያ መረብ ፊውስ ኔትን አቋቋሙ። አርባ ዓመት ያህል የእኛን ዝናብ፣ የእኛን ገበያ፣ የእኛን ከብት ሲከታተሉልን ኖሩ። በጥር 2017 ዋሽንግተን ገንዘቡን ስታቆም ድረ ገጹ በአንዴ ጠፋ። ወራት ቆይቶ ተመለሰ እንበል። የጎተራችንን ልክ የምናውቅበት ቁልፍ በሰው ኪስ መሆኑን ግን አየነው። የሚያሳፍረው ይህ ነው እንጂ የአንዲት ድርጅት ጥናት አይደለም።

ማዳበሪያ ይገዛበት ላሉትም 2015ን ላስታውሳቸው። በየካቲት ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመርን ተብሎ ተጨበጨበ። በሰኔ የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲና የዓለም የምግብ ፕሮግራም የዕርዳታ እህል እየተሰረቀ ነው ብለው በመላ አገሪቱ ሥርጭት አቆሙ። በዚያው ሰሞን የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ ሰልፍ ወጣ። እህሉም ነበር፣ ማዳበሪያውም ተገዝቷል። የት እንደገባ በጊዜ የሚነግረን ግን አልነበረም። ሁለት ወጣት ቀጥሮ በየሳምንቱ ገበያ የሚያስዞር የአካባቢ ማህበር ቢኖር፣ የዕርዳታ ጆንያ አደባባይ ሲሸጥ ከማንም ቀድሞ ያየው ነበር። ይህ ስንት ይፈጃል? የአንድ ላንድክሩዘር ዋጋ አይሞላም።

አዎ፣ የማይረባ ጥናት አለ። ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ሽፋኑን ቀይሮ የሚያቀርብ አማካሪ ሞልቷል። ለጋሹ የሚወደውን ጥያቄ ብቻ የሚጠይቅም አለ። ታዲያ ለጋሹ የሚከፍል ከሆነ ምን ይጠይቅ? ገንዘቡ ከእኛ ግብር ይውጣ፣ በውድድር ይሰጥ፣ ዳኞቹ ከሚኒስቴሩ ውጭ ይሁኑ። ውጤቱም ማንም ሳያጸድቀው ይታተም። ይህ «ማንም ሳያጸድቀው» የሚለው ነው ኃላፊውን የሚያስፈራቸው፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በነገራችን ላይ ያ ስብሰባ የተካሄደው በሆቴል አዳራሽ ነው። የሻይ ሰዓት ሁለት ጊዜ፣ ምሳ በቡፌ፣ አበልም ነበረው። ከመድረኩ ጀርባ በተሰቀለው ባነር ላይ ከመሥሪያ ቤቱ አርማ ጎን የሦስት ለጋሾች አርማ ተደርድሯል። ኃላፊው ስለ ፈረንጅ ገንዘብ ሲናገሩ ጀርባቸውን የሰጡት ለእሱ ነበር።