ተተርጉሟል፣ ግን ተሞክሯል?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ገብታችሁ የስኳር መለኪያ ብትገዙ፣ ካርቶኑ ውስጥ እጥፍጥፍ ያለ የአጠቃቀም መመሪያ ወረቀት ታገኛላችሁ። አልፎ አልፎ አማርኛ የታከለበትም ይገጥማል። ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ቀኑና ሰዓቱ የፈረንጅ ሆኖ ሲቀር ነው።

የስትሪፑን (ደም የሚነካበትን የመለኪያ ቁራጭ) ጠርሙስ እንይ። ማብቂያው «2025-03» ተብሎ ታትሞበታል እንበል። በእኛ መጋቢት 2017 ላይ አብቅቷል ማለት ነው። ሐይቅ ያለች እናት ግን በራሷ አቆጣጠር ነው የምታነበው። በ2018 ብትገዛው ገና ሰባት ዓመት ያለው ይመስላታል። አብሽር ብላ ትለካለች። ጊዜው ያለፈበት ስትሪፕ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን (ስኳር የሚያወርደውን መድኃኒት) መወጋት ቀልድ አይደለም።

ሰዓቱም ያው ነው። «8:00» የሚለው እንዳለ ከተገለበጠ፣ ባቲ ያለው ሰው ከቁርስ በፊት የሚወጋውን ከምሳ በኋላ ያደርገዋል።

የመለኪያ አሃዱም አለ። ስኳር በሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም በሚሊሞል በሊትር ይነበባል። የመጀመሪያው ቁጥር የሁለተኛው 18 እጥፍ ገደማ ነው። ሐኪሙ ታማሚውን በሚሊግራም አስቦ «ከ70 በታች ከወረደ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ቅመስ» ብሎት መሣሪያው 7 ቢያሳየው ምን ያድርግ? በሚሊሞል ከሆነ 126 ገደማ ነው፤ አልወረደም። እሱ ግን ስኳር ይቅማል።

ሲሪንጁ ይብሳል። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘውን ኢንሱሊን ለባለ 40 ዩኒቱ በተሠራ ሲሪንጅ የቀዳ ሰው የሚወጋው ከታዘዘለት ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ይሄ በደቃቅ ፊደል ወረቀቱ ጀርባ የሚቀበር ነገር ነው እንዴ? ከላይ፣ በጉልህ፣ በሥዕል መሆን አለበት።

(የደም ግፊት ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጣም የሚለውን የግፊት መለኪያ ወረቀት ምክርማ ወሎ ቤት ማን እንደሚያከብረው እንጃ። ቢያንስ ምክንያቱ ይጻፍ፤ ቡና ግፊቱን ለጊዜው ከፍ ያደርገዋል።)

ስለዚህ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት መሣሪያውን አይቶ የማያውቅ ሰው እጅ ይግባ። አታስረዱት፣ ዝም ብላችሁ እዩት። ግራ የገባው ቦታ ላይ የሚታረመው ጽሑፉ ነው። ለከሚሴው በኦሮምኛም እንደዚሁ ይሞከር። አስመጪዎች «ወጪ ነው» ይሉ ይሆናል። አምስት ስድስት ሰው አስቀምጦ ማየት ግን ከአንድ ካርቶን ስትሪፕ አይበልጥም።

ፋርማሲስቶች ደግሞ ያንን መጠበቅ የለባቸውም። ማብቂያውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ደቂቃ አይፈጅም። ገዢው ከመሄዱ በፊትም እዚያው ባንኮኒው ላይ አንዴ ለክቶ ያሳያቸው።