አሥሩን ነገሥታት የገደለችው ብሩንሂልድ ናት?

ሰሞኑን አንድ የአማርኛ የታሪክ ፖድካስት በስድስተኛው መቶ ዘመን የዛሬዋን ፈረንሳይና አካባቢዋን ይገዙ ስለነበሩት ስለ ፍራንኮች ንግሥት፣ ስለ ብሩንሂልድ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። ደስ ብሎኝ ነበር የከፈትኩት። አቅራቢው መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ አለ፦ «ሲጠቃለል ነገሩ የሁለት ሴቶች ቅናት ነው። ሁለት ሴቶች ተጣሉ፣ አንድ ትውልድ አለቀ።» ስለ አሟሟቷም በሚቀጥለው ክፍል «የሥራዋን እንዴት እንዳገኘች እናያለን» ብሎ ተሰናበተ።

ተናደድኩ። እስካሁንም አልበረደልኝም።

በምን ትቀና? ብሩንሂልድ የስፔን ቪዚጎቶች ንጉሥ የአታናጊልድ ልጅ ናት። በ567 አካባቢ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የአውስትራሲያን (የፍራንኮችን ምሥራቃዊ ግዛት) ንጉሥ ሲጊበርትን አገባች። ሠርጉ ሜስ ከተማ ተደገሰ። የባሏ ወንድም ኪልፔሪክ ይህን ሲያይ «እኔም የንጉሥ ልጅ አገባለሁ» አለና እህቷን ጋልስዊንታን አስመጣ። ሌሎቹን ሴቶቹን እተዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። አንዷን፣ የአቅራቢውን ሁለተኛ «ቀናተኛ» ፍሬደጉንድን ግን አልተወም። ጋልስዊንታ «ያመጣሁት ሀብት ይቅርብኝ፣ እኔን ብቻ ወደ አገሬ ስደደኝ» ብላ ለመነችው። አንድ ቀን አልጋዋ ላይ ታንቃ ተገኘች። ኪልፔሪክ አለቀሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ ፍሬደጉንድን አገባ። ይህን የሚነግረን የዘመኑ ሰው፣ የቱር ጳጳስ ግሪጎሪ ነው።

እህቷ አልጋዋ ላይ የታነቀችባት ሴት ቀናች ይባላል? ለዚህ እኮ በቋንቋችን የታወቀ ቃል አለን። ደም ይባላል። ወንድ ሲሆን «የወንድሙን ደም መለሰ» እንላለን፣ እንዘፍንለታለን። ሴት ስትሆን ቅናት ሆነ።

ደግሞ ነገሩ የመሬትም ጉዳይ ነበር። ኪልፔሪክ በሠርጉ ማግስት ለጋልስዊንታ ቦርዶንና ሊሞዥን ጨምሮ አምስት ከተሞች ሰጥቷት ነበር። እነዚያ ከተሞች ለማን ይሁኑ የሚለው ክርክር እስከ 587ቱ የአንደሎ ስምምነት ድረስ ዘለቀ። ሃያ ዓመት ገደማ በከተሞች ግብር የተካሄደ ሙግት እንዴት የጓዳ ጸብ ይሆናል?

የኪልፔሪክና የሲጊበርት አባት ቀዳማዊ ክሎታር የሙት ወንድሙን ሁለት ልጆች በገዛ እጁ አርዷል። አንዱ አሥር፣ ሌላው ሰባት ዓመቱ ነበር። በ560 ደግሞ የገዛ ልጁን ከነሚስቱና ከነሴት ልጆቹ ጎጆ ውስጥ አስገብቶ አቃጥሏል። ብሩንሂልድ ያኔ ገና ስፔን ነበረች። ፍሬደጉንድስ? በ597 ሞታለች። ከሞተችም በኋላ ጦርነቱ አሥራ ስድስት ዓመት ቀጥሏል። ሁለቱ ሴቶች ሳይመጡ የነበረ፣ አንዷ ሞታም ያላቆመ እልቂት በምን ሒሳብ የሁለቱ ሥራ ሆነ?

አሁን ወደ «አሥሩ ነገሥታት» ልግባ። አቅራቢው ደጋግሞ «አሥር ነገሥታት አስገድላለች» ይል ነበር። ይህ ክስ የማን እንደሆነ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተናገረም። የክሎታር ነው፤ የዳግማዊ ክሎታር፣ የፍሬደጉንድ ልጅ። በ613 ብሩንሂልድን እጁ ካስገባ በኋላ ያነበበባት ዝርዝር ነው። እስቲ ስሞቹን እንያቸው።

መጀመሪያ ሲጊበርት። ባሏ! በ575 ቪትሪ ላይ ሁለት ባሪያዎች በተመረዘ ቢላዋ ወጉት። ግሪጎሪ የላከቻቸው ፍሬደጉንድ ናት ብሎ በግልጽ ጽፏል። ክሎታር እናቱ ያስገደለችውን ሰው ደም በሟቹ ሚስት ላይ ነው የጫነው። ቀጥሎ ሜሮቬክ፣ የኪልፔሪክ ልጅ። እሱም ሁለተኛ ባሏ ነው፤ ሲያሳድደው የነበረው አባቱ ነው። ከዚያ ቴውደሪክ፣ የልጅ ልጇ። ሜስ ውስጥ በተቅማጥ ነው የሞተው። ቀጥሎ የቴውደሪክ ልጆች። ከእነዚህ ሕፃናት የተገደሉትን ያስገደለው ማነው? ራሱ ክሎታር! በዚያው ሰሞን! እሱ ያፈሰሰውን ደም በቅድመ አያታቸው ላይ ቆጥሮ ሞላው። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ነው አንድ አዋቂ ሰው ማይክ ይዞ እንደ ማስረጃ የሚያነበው።

የሌላው የልጅ ልጇ የቴውደበርት ነገር ለብቻው ይታይ። በ612 ሁለቱ የልጅ ልጆቿ ሲዋጉ እሷ ከቴውደሪክ ጎን ነበረች፣ እጇም አለበት። አልክድም። አንዱ ስም ግን አሥር አይሆንም።

«ጸሐፊዎቹ ሁሉ ክፉ ናት ብለዋል» የሚለውስ? የትኞቹ? ከነቢዩ ኤልያስ ጠላት ጋር አመሳስሎ «ሁለተኛይቱ ኤልዛቤል» ያላት መነኩሴው ዮናስ ነው። የጻፈው ከሞተች ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። የፍሬደጋር ዜና መዋዕል ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። ያኔ ዙፋኑ ላይ የነበሩት የክሎታር ዘሮች ናቸው። በዓይኑ ያያት ግሪጎሪ ግን መልካሟን፣ አስተዋይዋን፣ ንግግር አዋቂዋን ብሩንሂልድን ነው የሚነግረን። የሮማው ፖፕ ታላቁ ግሪጎሪም ወደ እንግሊዝ የላካቸውን መነኮሳት ስለረዳች አመስግኖ ጽፎላታል።

አንድ ቀን በ581 ገደማ የሻምፓኙን መስፍን ሉፑስን ባላንጣዎቹ ጦር ይዘው ሊገድሉት መጡ። ልጇ ንጉሥ ኪልደበርት ገና የአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ልጅ ነው። ግሪጎሪ «እንደ ወንድ ወገቧን ታጥቃ» በሁለቱ ጦር መካከል ገባች ይላል። አንድ ኡርሲዮ የሚባል መኳንንት ጮኸባት። አንቺ ሴት፣ ዞር በይ፤ በባልሽ ዘመን መግዛትሽ ይበቃሻል፤ አለበለዚያ የፈረሶቻችን ኮቴ ይረግጥሻል አላት። ዞር አላለችም። ተሟግታ ውጊያውን አስቀረችው። ሉፑስም ተረፈ።

ፖድካስቱ ይህን ዘሎታል። ልጇን ኢንጉንድንም ዘሏታል። ኢንጉንድ ስፔን ተድራ፣ ሃይማኖቴን አልቀይርም ስላለች የገዛ አያቷ ጎይስዊንታ ፀጉሯን ይዛ ደብድባታለች። ኋላም በቢዛንታይኖች እጅ ወድቃ አፍሪካ ላይ ሞተች። የኢንጉንድ ትንሽ ልጅ፣ በቅድመ አያቱ ስም የተጠራው አታናጊልድ፣ ወደ ቁስጥንጥንያ ተወሰደ። ብሩንሂልድ ለንጉሠ ነገሥት ማውሪስም፣ ለሕፃኑም ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤዎቹ ዛሬም አሉ። ለልጁ የጻፈችው ሐሳቡ፣ አንተ ካለህልኝ ልጄን ፈጽሞ አላጣኋትም የሚል ነው። ይህችን አያት ነው በቅናት የታወረች ያላት።

«የሥራዋን አገኘች» የተባለላት አሟሟቷም ይኸው። ሰባ ዓመት ገደማ ሆኗታል። ዋርናካር የተባለው የቤተ መንግሥቷ ሹም ከድቷት አሳልፎ ሰጣት። ለዚህ ዋጋ ክሎታር ዕድሜ ልኩን ከሥልጣኑ እንደማይሽረው ማለለት። ሦስት ቀን አሠቃዩዋት። ግመል ላይ አስቀምጠው በሠራዊቱ ፊት አዞሯት። ከዚያ በፀጉሯ፣ በአንድ እጇና በአንድ እግሯ ካልተገራ ፈረስ ጭራ ጋር አሰሯት።

በሚቀጥለው ክፍል አቅራቢው ይህን ፈረስ ማምጣቱ አይቀርም። ከማምጣቱ በፊት የአሥሩን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ያንብብልን። ከእያንዳንዱ ስም ቀጥሎም ገዳዩ ማን እንደነበር ይንገረን።