ለተከበርከው የአሜሪካ ቪዛ ፎርም፣ ባለህበት

ጉዳዩ፦ ቅሬ (የወሎ ዕድር) ምን እንደሆነ ስለማስረዳት

ውድ ዲኤስ-160፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ ካንተ ጭንቀት በቀር ደህና ነኝ። በእናቴ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአባቴ በኩል አልሐምዱሊላህ። ወሎዬ ነኝና ሁለቱንም እላለሁ። የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ አንተ ፈልግ።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ስላዋረድከኝ ነው።

ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ደጁን ሸፍኖት ነበር። ብርድ የሸሸ ሁሉ ውስጥ ተኮልኩሏል፤ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ፣ ፋይዳ የሚያሳትም፣ ዝም ብሎ የሚሞቅ። አንተን የሚሞላልኝ ልጅ የድሮ ተማሪዬ ነው። ድምፁ የወያላ ነው፤ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበር። ጥያቄህን ጮክ ብሎ እየተረጎመ ያነባል።

«ቲቸር፣ ጎሳ አለህ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኛ ጋ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል እንጂ እንዲህ አይባልም። «እለፈው» አልኩት። «አያሳልፍም» አለኝ።

«ለመሰለል ነው የምትሄደው?»

«ለማስተርስ ነው።»

«በፈንጂ፣ በኒውክሌር፣ በኬሚካል ሥልጠና አለህ?» ብሎ ቀና አለ። «ቲቸር፣ ኬሚስትሪ አይደል ያስተማርከኝ? አለኝ ልበል?»

ከኋላዬ አንዲት እናት አማተቡ።

ቀጥሎ፣ አባል የሆንክበት ወይም ያዋጣህበት ማኅበር። ቅሬ አልኩ። ቅሬ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ቤቱ ሁሉ ተወያየ። አንዱ «የቀብር ድርጅት በለው» አለ። የቅሬያችን ዳኛ ለካ ጥግ ላይ ፎቶ ኮፒ ይጠብቃሉ። «ሥራችን ቀብር ብቻ ነው እንዴ? ድንኳኑስ? ድስቱስ?» ብለው ተቆጡ። ልጁ ግን ጽፎ ጨርሷል። እንግዲህ ባንተ ዘንድ ሰው የሚቀብር ድርጅት አባል ነኝ።

ይህም ባልከፋ። ከ2019 ጀምሮ የ5 ዓመት የሶሻል ሚዲያ አካውንት ትጠይቃለህ። በ2025 ሰኔ ደግሞ ለትምህርት የሚሄድ ሁሉ አካውንቱን ለሕዝብ ክፍት ያድርግ ተባለ (ሁለቱም በፈረንጅ ነው)። ፌስቡኬን ሰጠሁ። «ሌላስ?» አለ። የለኝም አልኩ።

«ቲቸር፣ ‹ጉም በላው› የሚለውስ?»

ተማሪ ማስተማር ትርፉ ይኸው ነው። አዎ፣ በዚያ ስም የከፈትኩት አካውንት ነበረኝ። ቆልፌው ነበር። «መከፈት አለበት፣ ከደበቅህ ይይዙሃል» አለኝ። ተከፈተ። ከላይ ብቅ ያለው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የቅሬያችን ዳኛ ከሟቹ በላይ ያስለቅሱናል። ንፍሮውም ጥሬ ነው።» 14 ላይክ።

ዳኛው መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አነበቡ። ደገሙት። «እህ» ብለው ወጡ፤ ፎቶ ኮፒያቸውን እንኳ ጥለው። አንተ ልቤን ለማየት ስትዘጋጅ ሰፈሬ ቀድሞህ አየው።

ስለ 185 ዶላርህ አላነሳም። አያቴን፣ አፈሩ ይቅለላቸውና፣ «የቤተሰብ ስም» ብለህ ከመቃብር ስለመቀስቀስህም ዝም እላለሁ። ኔልሰን ማንዴላም ኖቤል ተሸልመው፣ አገር መርተው፣ ከሽብር መዝገባችሁ የወጡት 90 ዓመት ሊሞላቸው ቀናት ሲቀሩ በ2008 (ይህም በፈረንጅ) ነው። እኔ ገና ወጣት ነኝ፣ እጠብቃለሁ።

ደግሞ የመጀመሪያው አጣሪ እንዳይመስልህ። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ቅርብ ናት። በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ ጠሩ፤ የወሎ ሙስሊም መኳንንትም ክርስትና ይነሱ ተባለ። ኢማም መሐመድ አሊ ተነሱና ሚካኤል ተባሉ፤ ራስ ሆኑ፣ ኋላም ንጉሥ። ከሕዝቡ ብዙው ቀን ክርስቲያን ሌት እስላም ሆኖ ኖረ። ያኔም አጣሪው ያገኘው ሰው ሲጠየቅ የሚመልሰውን ብቻ ነው። እኚሁ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አዳራሽ ግን ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ብትመጣ አስጎበኝሃለሁ። የጎሳ ሳጥን የለውም።

አሁን ወደ ሐሙስ ልመለስ። ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀ።

«ለአሸባሪ ገንዘብ ወይም ሌላ ድጋፍ ሰጥተህ ታውቃለህ?»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሱም የዚህ ከተማ ልጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በጦርነቱ ከተማዋ ስትያዝ እግር ያለው ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ኮምቦልቻም ተያዘች። እኛ ቀረን፤ አያቴ መራመድ አትችልም ነበር። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በሩን ደበደቡ። ራበን አሉ። እናቴ እጇ እየተንቀጠቀጠ እንጀራ አወጣች። ትሪውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እስቲ ንገረኝ፣ ይህ ምን ይባላል? ያገርህ ሕግ ምግብንም ድጋፍ ሊለው ይችላል፤ ተገድጄ ነው ማለት ብቻውን አያድንም አሉ። አንተ የት ነበርክ? ማን በሩን ከፍቶ እንዲሞት ነው የምትፈልገው? እናቴን አሸባሪ የምታስብለኝ አዎና አይደለም በሚሉ ሁለት ክብ ነጥቦች ነው?

ልጁ ማውሱን ይዞ ቁጭ አለ። እኔም ቁጭ አልኩ። ማንም አልተናገረም። 20 ደቂቃ ዝም ከተባልክ ራስህን ትዘጋለህ አሉ፤ ተዘጋህ። የሞላነው መንፈቁ ጠፋ። ሴቭ አላደረግነውም ነበር።

ቅዳሜ ቅሬው ተሰበሰበ። ስም በማጥፋት 200 ብር ተቀጣሁ። ዳኛው ገንዘቡን ራሳቸው ተቀብለው፣ ራሳቸው ደረሰኝ ቆርጠው፣ «ንፍሮው በደንብ ይቀቀልበታል» አሉኝ።

ሰኞ አንተን እንደገና ልሞላ ነው። «ያዋጣህበት ማኅበር» በሚለው ሥር ይህቺን 200 ብር ልጨምራት ወይስ ይቅር?

ቅጣተኛው ጉም በላው
ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ