ያለ ደረሰኝ ለሚገዛ ምርቃት

ደሴ ላይ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ የሚነሳ አንድ ብልህ ሐሳብ አለ። ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው የገቢ ግብር ይነሳና መንግሥት ድርሻውን ከምንገዛው ዕቃ ላይ በሽያጭ ታክስ ይውሰድ የሚል ነው። ብዙ የገዛ ብዙ ይከፍላል፣ የቆጠበ ይተርፈዋል፣ ደመወዝተኛውም እፎይ ይላል። እንዲህ የሚያስብ ሕዝብ አላህም ማርያምም ያቆዩልን፤ አሚን በሉ።

ሐሳቡ ባሕር ማዶም ዘመድ አለው። የጆርጂያው እንደራሴ ጆን ሊንደር በፈረንጆቹ 1999 ለአሜሪካ ምክር ቤት ፌር ታክስ የተባለ ረቂቅ አቅርበው ነበር፤ የፌዴራሉን የገቢ ግብር አንስቶ በ23 በመቶ ብሔራዊ የሽያጭ ታክስ የሚተካ። ረቂቁ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ቢቀርብም ሕግ አልሆነም። 23 የተባለውም በቆንጆ ሒሳብ ነው፤ ገዢው ከሚከፍለው 100 ዶላር 77ቱ የዕቃው ዋጋ፣ 23ቱ ታክስ ይሆናል። እኛ ቫት በምናሰላበት መንገድ፣ ማለትም በዕቃው ዋጋ ላይ ከተሰላ 30 በመቶ ገደማ ይመጣል። በረቂቁ መሠረት ለየቤተሰቡ በየወሩ ተመላሽ ይላካል። የኛ ሰው ግን ተመላሹን በፖስታ ቤት አይጠብቅም፤ ባንኮኒው ላይ እንደቆመ ራሱ ይወስዳል።

የደመወዝተኛው ቅሬታ ሐቅ መሆኑን እንመስክር። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከዚያ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ከ14,000 በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። የ12,000 ብር ደመወዝተኛ 2,250 ብር የገቢ ግብር፣ 840 ብር ጡረታ ተቆርጦበት 8,910 ብር ይዞ ይገባል። ብሩን ሳያየው ነው የሚቆረጠው፤ ለመደበቅ ዕድሉም የለውም። የሚያስቀናው ጎረቤቱ ነጋዴው ነው፤ ስንት እንዳተረፈ ለመንግሥት የሚነግረው ራሱ ነውና።

ጥበቡ የሚታየው እንግዲህ ይኸው ደመወዝተኛ የውሃ ፓምፕ ሊገዛ ወደ ገበያ ሲወጣ ነው።

«ሐጂ፣ የመጨረሻውን ይንገሩኝ።»

«በደረሰኝ 11,500። ካልፈለግህ በ10,000 ውሰደው።»

«ኧረ በአላህ ሐጂ! እኔ ደረሰኝ ምን ያደርግልኛል?»

አንደኛው ደንብ ይኼ ነው፤ ደረሰኝ አልፈልግም የሚለውን ቃል ቀድሞ የሚያወጣው ገዢው መሆን አለበት። ሻጩ ሲጠየቅ «ደንበኛው ነው እምቢ ያለኝ» ማለት ይችላል፣ ገዢውም 1,500 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ሁለተኛው፣ በባንክ ማስተላለፍ ግድ ከሆነ ብሩ በድርጅቱ ስም አይላክም፤ የሐጂ የእህት ልጅ ሒሳብ ቁጥር በካርቶን ጀርባ ተጽፎ ይሰጣል። ምክንያት ማብራሪያው ላይ «ብድር» ተብሎ ይሞላል። (በየቀኑ ከማያውቃቸው ሰዎች ብድር የሚመለስለት ይህ ልጅ የት እንደሚያበድር ግን የጠየቀው የለም።)

ሦስተኛው ማሽኑን ማሳመም ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ወሎ ውስጥ እንደሰው ጠባይ አለው። ገዢ ደረሰኝ ሲጠይቅ ወረቀቱ ያልቃል፣ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ ቁልፉን የያዘችው ልጅ ኮምቦልቻ ለቅሶ ትሄዳለች። ማሽኑ በቀኑ መዝጊያ የዕለቱን ሽያጭ የሚደምር ዜድ ሪፖርት ያወጣል፤ ዜድ የሚቆጥረው ግን የተመታውን ብቻ ነው። ያልተመታ ሽያጭ ለማሽኑ አልተወለደም።

ዓይን ያወጣ ገዢ ወረቀት ካልተሰጠኝ ብሎ ከቆመ ለእርሱም መላ አለ። ሙሉ በሙሉ ደረሰኝ የሚመስል ነገር ይታተምለታል፤ የቤቱ ስም፣ ቀን፣ ድምር፣ «እናመሰግናለን» ሳይቀር። የሌለበት የፊስካል ቁጥሩና የማሽኑ መለያ ኮድ ብቻ ነው። ምግብ ቤት ሒሳብ ሲመጣ ከግርጌው በደቂቅ ፊደል «ይህ ሕጋዊ ደረሰኝ አይደለም» የሚለው ወረቀት ከዚሁ ዘር ነው። 15 በመቶውን ከፍለን፣ ወረቀቱን አጣጥፈን ኪሳችን ከትተን፣ ጉርሻም ጨምረን እንወጣለን። ቫቱም እዚያው ቤት ያድራል። እንግዳ ተቀባይ አገር ነን።

አሁን የ1,500 ብሩን ነገር እንመልከተው፤ ምስጋናችን በግምት እንዳይሆን። ፓምፑ በጅቡቲ፣ በሚሌ አድርጎ ሲገባ ጉምሩክ በ6,000 ብር ዋጋ ላይ 900 ብር ቫት ተቀብሎበታል እንበል። አስመጪው ለሐጂ በ8,000 ሲሸጥ 1,200 ቫት ይሰበስባል፤ የከፈለውን 900 አቀናንሶ 300 ያስገባል። ሐጂ በ10,000 ሲሸጡ 1,500 ሰብስበው 1,200ውን አቀናንሰው 300 ያስገባሉ። መንግሥት 1,500ውን ያገኘው በሦስት እጅ ነው ማለት ነው። የመጨረሻው ሽያጭ ቢደበቅ የሚያመልጠው ቫት 300 ብር ነው፤ ሐጂ የ1,200ውን ደረሰኝ ከሌላ ሽያጭ ላይ ካላቀናነሱት። (እንደሚያቀናንሱት አንጠራጠርም፤ ብልሆች ናቸው።) የ2,000 ብሩ ትርፍም ከሽያጩ ጋር ተሰወረ፤ የንግድ ትርፍ ግብሩም አብሮ ሄደ። ያ ግብር ደግሞ ደመወዝተኛው «እኔ ብቻዬን ለምን እከፍላለሁ» ብሎ የሚያለቅስበት ነው። ሐጂን የሸሸገላቸው ራሱ ነው፤ አምላክ ውለታውን ይክፈለው።

በብሔራዊ የሽያጭ ታክስ ጊዜ ነገሩ ይበልጥ ያምራል። ታክሱ በየደረጃው ስለማይሰበሰብ ጉምሩኩም አስመጪውም ያልፉታል፤ ሙሉው ሸክም በመጨረሻው ባንኮኒ ላይ ይወድቃል። ገቢ ግብሩን ይተካ ከተባለም 15 በመቶ አይበቃም። የአሜሪካኖቹን 30 በመቶ ብንዋስ 10,000 ብር የተባለው ፓምፕ በደረሰኝ 13,000 ይሆናል። ሐጂና ደንበኛቸው በአንድ ጥቅሻ የሚካፈሉት 3,000 ብር ነው፤ ቀድሞ ጉምሩክ ላይ የቀረ ምንም ስለሌለ ሁሉም ያመልጣል። ለ1,500 ብር ይህን ያህል የተራቀቀ ሕዝብ ለ3,000 ምን እንደሚፈጥር ስናስብ ኩራት ይሰማናል። በነገራችን ላይ ይህች አገር የሽያጭ ታክስ ነበራት። እስከ 1995 ስንከፍለው ቆይተን በቫት የተተካው በታክስ ላይ ታክስ እየተደራረበ፣ አሰባሰቡም እየላላ ስላስቸገረ ነው። ቡናው ላይ ግን ይህ አይነሳም፤ ስኒ ያቀዘቅዛል።

ለማንኛውም የ12,000 ብሩን ሰውዬ እንደገና እናስላው። ገቢ ግብሩ ተነሳለት፤ ከጡረታ በኋላ 11,160 ብር ያዘ። 3,000 ለቤት ኪራይ፣ 1,160 ለልጅ ትምህርት አወጣ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይና ትምህርት ከቫት ነጻ ናቸው፣ አዲሱም ታክስ ይማራቸው። በ2,000 ብር ከሰኞ ገበያ ጤፍና ሽንኩርት ገዛ፤ ከሐይቅ ወይም ከኩታበር በአህያ የመጣ ገበሬ ማሽን የለውም። ሱቅ የሚገባው 5,000 ብር ቀረ። ከዚህች ላይ ያንኑ 2,250 ብር ለመውሰድ የዕቃው ዋጋ 2,750፣ ታክሱ 82 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። ነጋዴውም ሲገዛ ስለሚከፍል መጣኔው ይወርዳል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ነጋዴው ከነጋዴ ያለ ደረሰኝ እስካልገዛ ድረስ።

ፓምፑ ሊቃጠል ይችላል፤ ታንከሩ ሲደርቅ በባዶው ከዞረ አይቆይም። ያኔ ገዢው ካርቶኑን ታቅፎ ይመጣል፣ ሐጂም በትሕትና «ከእኛ ለመግዛትህ ማስረጃ አለህ ወይ፣ ወንድሜ?» ይሉታል። ዋስትናውን በ1,500 ብር የሸጠው ራሱ ነበር። ለሽምግልና ቢቀመጡም የሚያዝለት የለም፤ ሽማግሌዎቹም ያለ ደረሰኝ ነው የሚገዙት።

ይህ ሁሉ ግን ለቤቱ ሲገዛ ነው። ይኸው ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ግዢ ሲላክ ደረሰኝ ወዳድ ይሆናል። በመጀመሪያ ለማወዳደሪያ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይሰበስባል፤ ሦስቱም ከአንድ ባንኮኒ ስር፣ ከሦስት ማኅተም ጋር ይወጣሉ፤ የሁለቱ ዋጋ አሸናፊውን እንዲያስከብር ከፍ ብሎ ይሞላል። ከዚያ «ስንት ብዬ ልምታልህ?» ይባላል። የ10,000 ብሩ ፓምፕ 14,000 ተብሎ ይመታል፤ ከ2,100 ቫት ጋር መሥሪያ ቤቱ 16,100 ይከፍላል። ከ4,000ው ሻጩ ለትርፍ ግብሩ የሚሆነውን ያስቀራል፤ የበዛበትን ሽያጭ ለማቻቻልም ከደላላ የግዢ ደረሰኝ ይሸምታል፤ የተረፈው ወደ ገዢው ኪስ ይገባል። በዚያች ቀን ወረቀቱ አላለቀም፣ ኔትወርክ አለ፣ መብራትም አልሄደም፤ ቁልፉን የያዘችው ልጅም ከኮምቦልቻ ተመልሳለች።