የዴላኖው አድማም መድረክ ይገባዋል

ባለፈው ኦክቶበር የልጄ የክፍል ጓደኛ ጋብዛን፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊሊፒኖ አሜሪካውያን የባህል ክበብ ያሰናዳውን ምሽት ለማየት ሄድን። የስፖርት አዳራሹ ወለል ላይ ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ተንበርክከው ሁለት ረጃጅም ቀርከሃዎችን ጫፍና ጫፍ ይዘዋል። ሁለቴ ወለሉን ይመታሉ፣ በሦስተኛው ቀርከሃዎቹን ያጋጫሉ። በመካከል የሚዘል ሰው በሰዓቱ እግሩን ካላወጣ ቁርጭምጭሚቱ ዋጋውን ያገኛል። ቲኒክሊንግ ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ቲክሊንግ ከተባለች ወፍ ነው። አንዷ ልጅ ምቱ ጠፍቷት ተመታች፤ ሳቀችና ቀጠለች። በር አካባቢ ሉምፒያ ይሸጣል፤ ቀጠን ብሎ የተጠቀለለ የሳምቡሳ ዘመድ በሉት። አምስት በላሁ፤ ስለዚህ ቅሬታዬ የራበው ሰው ቅሬታ አይደለም።

ቅሬታዬ ይህ ነው፦ መድረክ ላይ የወጣው ሁሉ ከፊሊፒንስ ደሴቶች የመጣ ነበር። የክበቡ ስም ግን «ፊሊፒኖ አሜሪካውያን» ይላል። አሜሪካ ውስጥ የሆነው ታሪክ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ አንድ ወረቀት ብቻ ተወስቷል፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1587 ፊሊፒኖዎች በስፔን መርከብ የካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ላይ ወዳለችው ሞሮ ቤይ መድረሳቸውን የሚናገር ነው። ኦክቶበር የፊሊፒኖ አሜሪካውያን የታሪክ ወር ሆኖ የተመረጠው በዚያ ምክንያት ስለሆነ መጠቀሱ ተገቢ ነው። ነገር ግን እነዚያ መርከበኞች በቀናት ውስጥ ተመልሰው ሄደዋል። የቀሩት ሌሎች ናቸው።

የቀሩት በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጥተው አስፓራገስ የተባለውን አትክልትና ወይን ሲለቅሙ ያረጁት ናቸው። አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ እስከ 1948 ድረስ ነጭ ሴት እንዳያገቡ ይከለክላቸው ስለነበር ብዙዎቹ ሳያገቡ ቀሩ። «ማኖንግ» ይሏቸዋል፣ ከፊሊፒንስ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በኢሎካኖ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ እኛ ብንሆን «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1965 ዴላኖ በተባለችው የካሊፎርኒያ የእርሻ ከተማ የወይን ለቀማውን ጥለው የወጡት እነዚህ ጋሼዎች ናቸው። የጠየቁት በሰዓት 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም፣ በሣጥን ደግሞ 25 ሳንቲም ነበር። መሪያቸው ላሪ ኢትሊዮንግ የእጁን ሦስት ጣቶች በአደጋ ያጣ፣ ሲጋር ከአፉ የማይለይ ሰው ነበር። ሴሳር ቻቬዝና እሱ የሚመራቸው የሜክሲኮ አሜሪካውያን የእርሻ ሠራተኞች አድማውን የተቀላቀሉት ከሳምንት በኋላ ነው። አድማው 5 ዓመት ፈጅቶ በ1970 ውል አስፈረመ። ዓለም ያስታወሰው ግን ቻቬዝን ነው።

ሉምፒያ የሚሸጠውን ልጅ ስለ ኢትሊዮንግ ጠየቅሁት፤ የትምህርት ቤቱ መምህር መስሎት ክፍሉን ሊያሳየኝ ተነሣ። አልፈርድበትም። ፊሊፒኖዎች ለእርሻ ሠራተኞች ትግል ያደረጉት አስተዋጽኦ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ ካሊፎርኒያ በ2013 ሕግ አውጥታለች፤ ከሕጉ እስከ ክፍሉ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። እኛም የምንመጻደቅበት ነገር የለንም። ልጆቻችን በየትምህርት ቤቱ እስክስታ ይወርዳሉ፣ ቡና ያፈላሉ፤ አባቶቻቸው ዋሽንግተን ላይ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዱ ያሳለፉት ዘመን ግን የባህል ዝግጅት ላይ አይታይም።

«ልጆቹ የሚመጡት ለጭፈራ ነው፣ ታሪክ ያሰለቻቸዋል» የሚል ወላጅ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የሚያሰለቸው ንግግር ነው እንጂ አድማ ራሱ ተውኔት ነው፦ አዳራሽ ሙሉ ሽማግሌ ሥራ ለማቆም ድምፅ ሲሰጥ፣ በማግስቱ የበሰለው ወይን ሐረጉ ላይ ሲቀር። ቀርከሃው ከመድረክ ይውረድ አላልሁም፤ ከሁለት ጭፈራዎች መካከል አሥር ደቂቃ ይበቃል። ካሊፎርኒያ ኦክቶበር 25ን የላሪ ኢትሊዮንግ ቀን ብላ ሰይማለች። ክበቡ የዘንድሮውን ምሽት ወደዚያ ቀን ቢያዞረው ምን ይጎዳል? አዳራሹን የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ካልቀደመው ነው እንግዲህ።