ገርዓልታን በመኪና መስኮት አትዩት

ከአለት በተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚታወቀውን የትግራዩን የገርዓልታ ተራራ ለማየት ከመቀሌ የሚነሳ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ጠዋት መኪና ውስጥ ይገባና ገደል ስር ይወርዳል። ገደሉ ላይ ወዳለው የአቡነ የማታ ጉህ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ፎቶ ይነሳል። ሲመሽ ይመለሳል። ውቅሮን፣ ነጋሽን፣ ፍረወይኒን አለፈባቸው እንጂ አላያቸውም። የሻይ እንኳ አልተወላቸውም።

እኔ ይሄ አገር በብስክሌት ነው የሚታየው ባይ ነኝ። ደግሞ ብስክሌት ለትግራይ ባዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይ የወጣው ከዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ብስክሌተኛ ያፈራ አገር ለተራው መንገደኛ እንዴት አልታሰበም?

ከመቀሌ ውቅሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ይበዛል። ውቅሮ ዳር ከአለት የተፈለፈለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከታገሉ በኋላ ነጋሽ ይደርሳሉ። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተሰደው መጡ ሲባል ስሟ የሚነሳው ይህች ትንሽ ከተማ ናት። መስጊዷ በ2013ቱ ጦርነት ተመትቷል። ፍረወይኒን አልፈው ወደ ምዕራብ ሲታጠፉ ሐውዜን አለች፤ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ገበያተኛው ከአየር የተደበደበባት። ያ ቀን ረቡዕ፣ የገበያ ቀን ነበር። መመለሻው በመጋብና በድጉም አድርጎ፣ በአብርሃ ወአጽብሃ በኩል እንደገና ውቅሮ ያደርሳል። ዙሪያውን ገጠመ ማለት ነው።

ሆድ ሲጠይቅ ደግሞ ጥሕሎ አለ። በምሥራቅ ትግራይ ያለው የዓጋመ አካባቢ ምግብ ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት በውሃ ይታሻል፤ ከዚያ በጣት እየተድቦለቦለ ይደረደራል። መሐል ላይ የሚያቃጥል የስጋ ወጥ ይቀመጣል። ድብልብሉን በእንጨት ሹካ ወግተው፣ ወጡ ውስጥ አጥልቀው ይጎርሱታል። የምታሸው ሴት አጠገብዎ ተቀምጣ፣ እርስዎ በጎረሱ ቁጥር ሌላ ታድቦለብላለች። በቃኝ ማለት ይከብዳል! ዳገት ለወጣ ሰው ከዚህ የሚሻል ምግብ አላውቅም። ክረምት ላይ ከሆነ መንገድ ዳር በለስ ይሸጣል። ልጆቹ ይላጡልዎት፤ ራስዎ ከሞከሩ እሾኹ ለቀናት አይለቅዎትም።

«ሕዝብ በቁስሉ ላይ እያለ ስለ ብስክሌት ይወራል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ መነሳት አይገባም። ውጊያ በነበረበት ቦታ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ስለሚችል ከመንገድ መውጣትም ሞኝነት ነው። ግን ብስክሌተኛ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ይመሽበታል። ገንዘቡ የሚገባው ሻይ ቤቷ ውስጥ ነው። ላንድክሩዘሩ ግን የጫነው ምሳና ውሃ ከመቀሌ ስለሆነ ምንም አይጥልም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ትልቅ ሎጅ አይደለም። ብስክሌት የሚያስቀምጡበት ጊቢ ያለው ንጹህ አልጋ ቤት ይበቃል። የብስክሌት ካላማዳሪ የሚይዝ ጎሚስታ በየከተማው አንድ ቢኖር፣ መንገዱን የሚመራ የሰፈር ወጣት ቢጨመር ሥራው ተጀመረ። አስጎብኚዎቹም ቢያንስ ውቅሮ ላይ አንድ አዳር ያስገቡ።